ታሕቱም ይንቀሳቀሳል፦ የድርሻ ሕግና የራሽናል ፋንክሽኖች ለውጥ

በአደባባይ ከሚነገሩት ቁጥሮች አብዛኞቹ ጠጋ ተብለው ሲመረመሩ በአንድ መስመር የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ሆነው ይገኛሉ። የነፍስ ወከፍ ገቢ የአገር ገቢ ለሕዝብ ቁጥር ተካፍሎ የሚገኝ ድርሻ ነው፤ የፈተና የማለፍ ምጣኔ ያለፉት ለተፈተኑት ተካፍለው የሚገኝ ነው፤ ፍጥነት ርቀት ለጊዜ፣ የአንድ እንጀራ ወጪም የጋጋሪዋ ጠቅላላ ወጪ ለጋገረችው እንጀራ ብዛት ሲካፈል የሚደርስ ነው። ስለዚህ «ቁጥሩ ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ጠያቂው ልብ ባይለውም እንኳ ከመስመሩ በላይና በታች ያሉት ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲለዋወጡ ድርሻቸው ወዴት እንደሚያዘነብል የሚመረምር ጥያቄ ይሆናል። ሒሳብ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ የድርሻ ሕግ ይባላል።

ሕጉ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው በ12ኛ ክፍል የካልኩለስ ትምህርት ውስጥ ሲሆን፣ በሀና ማርያምም ሆነ በሌላው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሰፈር የሚኖር ተማሪ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መጽሐፍ «ኮሸንት ሩል» እያለ ያጠናዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠናው ግን በቃል ነው፤ የቱ ከየቱ ተባዝቶ የቱ እንደሚቀነስ እንደ ዜማ ይሸመደዳል፣ ለፈተና ይጻፋል፣ ከፈተናው ማግስትም ይረሳል። ይህም የሚያሳዝን ነው፤ ምክንያቱም ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በኋላ ካልኩለስን ፈጽሞ ለማይነካው ሰው እንኳ የየዕለቱን ዜና በሚሰማበት ጊዜ ከማንኛውም ሌላ የካልኩለስ ሕግ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ሕግ ነው።

አስቀድሞ ጥቂት ስያሜዎችን ማብራራት ያስፈልጋል። ፋንክሽን ማለት አንድ ቁጥር ሲሰጠው አንድና አንድ ብቻ ውጤት የሚመልስ የስሌት ደንብ ነው፤ ፍጥነት ሲሰጠው የጉዞውን ጊዜ የሚመልሰው ስሌት ለምሳሌ ፋንክሽን ነው። የፋንክሽኑ ዴሪቬቲቭ ደግሞ የሚሰጠው ቁጥር በጥቂቱ ሲነካ ውጤቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚናገር ሌላ ፋንክሽን ሲሆን፣ ውጤቱ እየጨመረ ባለበት ቦታ ከዜሮ በላይ፣ እየቀነሰ ባለበት ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ከመጨመር ወደ መቀነስ ወይም ከመቀነስ ወደ መጨመር በሚዞርበት ቦታ ላይም ዜሮ ይሆናል። የአንድ ተለዋዋጭ ቁጥር ርቢዎች በቋሚ ቁጥሮች እየተባዙ ሲደመሩ ፖሊኖሚያል ይባላሉ፤ አንዱ ፖሊኖሚያል ለሌላው ሲካፈል የሚገኘው ፋንክሽን ራሽናል ፋንክሽን ነው። ከመስመሩ በላይ ያለው ተካፋይ ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለው አካፋይ ታሕት ይባላል። ከዚህ በኋላ ተለዋዋጩ ቁጥር «ሀ»፣ ላዕሉ «ላ»፣ ታሕቱ «ታ»፣ ድርሻቸው «ድ» ተብለው ይጻፋሉ፤ በፊደሉ ራስ ላይ የምትቀመጠው ጭረት የዚያን ነገር ዴሪቬቲቭ ታመለክታለች።

ድምርን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ነው፤ የሁለት ፋንክሽኖች ድምር ዴሪቬቲቭ የዴሪቬቲቮቻቸው ድምር ነው። ስለዚህ ድርሻም እንዲሁ ይሆናል፣ የላዕሉ ዴሪቬቲቭ ለታሕቱ ዴሪቬቲቭ ሲካፈል የድርሻው ዴሪቬቲቭ ይገኛል ብሎ መገመት ለማንም ሰው ተፈጥሯዊ ነው። ግምቱ ስሕተት መሆኑን ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ሀ² ለሀ ሲካፈል ድርሻው ሀ ራሱ ነው፤ ሀ አንድ በጨመረ ቁጥር ድርሻውም አንድ ስለሚጨምር ዴሪቬቲቩ 1 ነው። በግምቱ መንገድ ግን የሀ² ዴሪቬቲቭ 2ሀ፣ የሀ ዴሪቬቲቭ 1 በመሆኑ መልሱ 2ሀ ይወጣል፣ ይህም ከእውነተኛው መልስ ጋር አይገናኝም።

በዚህ ስሕተት የሚወድቅ ተማሪ ብዙ ሊያፍር አይገባውም፤ ካልኩለስን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ቪልሄልም ላይብኒትስም በዚሁ በር አልፏል። ላይብኒትስ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1675 ፓሪስ ሆኖ በጻፋቸው ማስታወሻዎች የብዜት ለውጥ የለውጦች ብዜት፣ የድርሻ ለውጥም የለውጦች ድርሻ ይሆን እንደሆን በጽሑፍ ራሱን ሲጠይቅ ይታያል፤ በዚያው ማስታወሻም እንደማይሆን በምሳሌ ደረሰበት። ትክክለኛው ሕግ በጽሑፎቹ ላይ በግልጽ የተቀመጠው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ለሕዝብ የታተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1684 በላይፕሲክ ይወጣ በነበረ የምሁራን መጽሔት ላይ ነበር። የዚያ ጽሑፍ ረጅም ርእስ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታዎችን ለማግኘት የሚረዳው አዲሱ ዘዴ በክፍልፋዮች እንደማይሰናከል ይናገራል፤ ያ ኩራት ያረፈው በአብዛኛው በድርሻ ሕግ ላይ ነው። ሕጎቹ በጽሑፉ ላይ የሰፈሩት ያለ ማረጋገጫ ስለነበር የዘመኑ አንባቢዎች እንዲሁ ይቀበሏቸው ዘንድ ግድ ሆኖባቸዋል።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሊጠቀስ የሚገባው ነገር አለ። ያው ላይብኒትስ ስለ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ቋንቋ ዘወትር ይጽፍለት የነበረው ወዳጁ ሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝንና አማርኛን የተማረው በአማራ ምድር ከመካነ ሥላሴ ከተነሡት ከአባ ጎርጎርዮስ ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ተገናኙ፤ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ሉዶልፍ ወደሚኖርበት ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት ተጉዘው አብረው ሠሩ፤ ሉዶልፍም በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ የድርሻን ሕግ አላዩትም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 ባሕር ላይ ሞቱ። ነገር ግን ሕጉን ያገኘው ሰውና የአማርኛን ሰዋስው ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ሰው ደብዳቤ ይጻጻፉ እንደነበር ማወቅ፣ ካልኩለስን ከሩቅ እንደ መጣ እንግዳ ለሚያይ ተማሪ ርቀቱን ያሳጥርለታል።

አሁን ሕጉ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ተገቢ ነው። ድ ማለት ላ ለታ ተካፍሎ የሚገኘው ስለሆነ፣ ላ ማለት ድ በታ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ላዕሉ በጥቂቱ ይለወጥ፣ ታሕቱም በጥቂቱ ይለወጥ። ታሕቱ ሲጨምር ድርሻው ከነበረበት እንዳይወርድ ከተፈለገ ላዕሉ ቢያንስ ድ በታሕቱ ጭማሪ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል መጨመር አለበት፤ ይህን ያህሉ ቦታን ለመጠበቅ ብቻ የሚከፈል ነው። ከዚያ የተረፈው፣ ማለትም የላዕሉ ለውጥ ሲቀነስ ድርሻው በታሕቱ ለውጥ ተባዝቶ፣ ድርሻውን ከፍ ለማድረግ ይውላል፤ እርሱም ለአዲሱ ታሕት ይካፈላል። በቀመር ሲጻፍ፦

የድ ለውጥ = (የላ ለውጥ − ድ × የታ ለውጥ) ÷ አዲሱ ታ

ይህ ቀመር ለውጡ ትልቅም ይሁን ትንሽ ያለ ምንም መጠጋጋት ትክክል ነው። ካልኩለስ የሚገባው ለውጦቹ እያነሱ እያነሱ ወደ ዜሮ ሲጠጉ ነው፤ ያን ጊዜ አዲሱ ታሕት ከአሮጌው ጋር ይገጥማል፣ ለውጦቹም በዴሪቬቲቮች ይተካሉ። ከዚያ ድ′ = (ላ′ − ድ·ታ′) ÷ ታ ይገኛል፤ በድ ፋንታ ላ ÷ ታ ሲገባና ከመስመሩ በላይም በታችም ያለው በታ ሲባዛ ደግሞ በመማሪያ መጽሐፍ የሚታየው መልክ ይወጣል፦

ድ′ = (ላ′·ታ − ላ·ታ′) ÷ ታ²

ሁለቱ መልኮች አንድ ቢሆኑም ለማስተማር የመጀመሪያው ይሻላል። ሁለተኛው ለጽሑፍ ስሌት ምቹ ነው፣ ነገር ግን ለምን እንደሚቀነስና ታሕቱ ለምን ሁለት ጊዜ እንደሚመጣ አይናገርም፤ ተማሪው የመቀነሱን ቅደም ተከተል አዘዋውሮ የመልሱን ምልክት የሚገለብጠውም ሕጉ ያለ ትርጉም በዚህ መልክ ብቻ ስለሚሰጠው ነው። የመጀመሪያው መልክ ግን አንድ ግልጽ ነገር ይናገራል፤ ታሕቱ ሲንቀሳቀስ ላዕሉ ላይ ዕዳ ያስገባል፣ የዕዳውም መጠን በድርሻው ልክ ነው።

ሕጉ በአገር ጉዳይ ላይ ሲሠራ ለማየት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ 300 ያህል ነበሩ፤ ምጣኔው 3.2 በመቶ ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከ675 ሺህ ገደማ ተፈታኞች 36 ሺህ 400 ያህሉ አለፉ፤ ምጣኔው 5.4 በመቶ ደረሰ። ዜናው የተነገረው በሁለቱ ምጣኔዎች ነው፣ አድማጩም ከሞላ ጎደል የሰማው የላዕሉን ማደግ ብቻ ነው። ታሕቱ ግን በ170 ሺህ ቀንሷል፤ ከዚህ መቀነስ ጀርባ ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ለፈተና መቅረብ ያልቻሉ ተማሪዎችም ይገኙበታል። ቀመሩ ይህን ለያይቶ ያሳያል። የላዕሉ ለውጥ 9 ሺህ 100 ነው። የታሕቱ ለውጥ ከዜሮ በታች 170 ሺህ ስለሆነ በአሮጌው ድርሻ፣ በ0.0323፣ ሲባዛ ከዜሮ በታች 5 ሺህ 500 ገደማ ይሆናል፤ ይህም በመቀነስ ምልክት ውስጥ ሲገባ ጭማሪ ሆኖ ይወጣል። የሁለቱ ድምር 14 ሺህ 600 ነው፤ ለአዲሱ ታሕት፣ ለ675 ሺህ፣ ሲካፈል 2.16 በመቶ ይሰጣል፣ በሁለቱ ዓመታት ምጣኔዎች መካከል ያለውም ልዩነት ይኸው ነው።

ከ14 ሺህ 600ው ውስጥ 5 ሺህ 500ው፣ ማለትም ከመቶ 38 እጁ ገደማ፣ የመጣው ብዙ ተማሪ ስላለፈ ሳይሆን ጥቂት ተማሪ ስለ ተፈተነ ነው ማለት ነው። ይህ ማለት መሻሻል አልነበረም ማለት አይደለም፤ ዘጠኝ ሺህ ተጨማሪ ተማሪ ማለፉ እውነት ነው፣ ያውም ከጥቂት ተፈታኞች መካከል። ሒሳቡ የሚከለክለው የምጣኔውን ዕድገት በሙሉ ለአንድ ምክንያት መስጠትን ብቻ ነው። ከፈተናው የቀሩት ተማሪዎች ቢቀርቡ ኖሮ ከሌሎቹ ይበልጥ ያልፉ ነበር ወይስ ያንሱ ነበር የሚለውን ቀመሩ አይመልስም፤ ያ የሒሳብ ሳይሆን የመረጃ ጥያቄ ነው።

የድርሻ ሕግ በሦስተኛ መልክም ሊጻፍ ይችላል፤ ለኢኮኖሚ ዜና የሚስማማውም ይህ ነው። ድ′ ለድ ሲካፈል ድርሻው ከራሱ መጠን አንጻር በመቶ ምን ያህል እንደሚያድግ ይናገራል፤ ሕጉም ይህ የዕድገት ምጣኔ የላዕሉ የዕድገት ምጣኔ ሲቀነስ የታሕቱ የዕድገት ምጣኔ መሆኑን ያሳያል። በኢትዮጵያ በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ደግሞ 73.9 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ተቆጥሯል፤ በሁለቱ መካከል ሕዝቡ በዓመት በ2.6 በመቶ ገደማ አድጓል። በዚህ ዓይነት ዕድገት ላይ የአገር ገቢ በዓመት በ6 በመቶ ቢያድግ የነፍስ ወከፍ ገቢው የሚያድገው በ3.4 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ገቢው በ2.6 በመቶ ቢያድግ ደግሞ አገሪቱ ሠርታ ሠርታ እያንዳንዱ ሰው ባለበት ይቀራል።

ወደ ራሽናል ፋንክሽኖች ስንመለስ፣ ሕጉ በእነርሱ ላይ ሲሠራ የሚሰጠው ሁለት ጥቅም አለ። አንደኛ፣ የራሽናል ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ ሁልጊዜ ራሽናል ፋንክሽን ነው፤ ስለዚህ አዲስ ዓይነት ፍጥረት አይመጣም። ሁለተኛውና ዋናው፣ የዴሪቬቲቩ ታሕት ታ² መሆኑ ነው፤ የማንኛውም ቁጥር ካሬ ከዜሮ በታች ሊሆን ስለማይችል፣ ፋንክሽኑ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለውን የሚወስነው ላ′·ታ − ላ·ታ′ ብቻ ነው። ብዙ ተማሪ ታሕቱን በማባዛትና በመዘርዘር ገጽ ይሞላል፤ ለምልክት ፍለጋ ታሕቱ ሳይነካ እንዳለ ቢቀመጥ ይበቃል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። (ሀ + 1) ለ(ሀ − 1) ሲካፈል የዴሪቬቲቩ ላዕል 1·(ሀ − 1) − (ሀ + 1)·1 ነው፤ ይህም −2 ሆኖ ይወጣል። ታሕቱ ካሬ ስለሆነ ዴሪቬቲቩ በየትም ቦታ ከዜሮ በታች ነው፣ ፋንክሽኑም ሁልጊዜ ይቀንሳል ማለት ይቻላል ይመስላል። ሆኖም ሀ ዜሮ ሲሆን ድርሻው −1፣ ሀ ሁለት ሲሆን ደግሞ 3 ነው፤ ቁጥሩ ጨምሯል። ሕጉ አልተሳሳተም፤ በመካከል ሀ አንድ የሚሆንበት ቦታ አለ፣ እዚያ ታሕቱ ዜሮ ስለሆነ ፋንክሽኑ ራሱ የለም። ድርሻው ከዚያ ቦታ በስተግራ ወደ ታች ያለ ወሰን ይወርድና በስተቀኝ ከላይ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ታሕቱ ዜሮ የሚሆንባቸው ቦታዎች አስቀድመው ካልተለዩ «ሁልጊዜ ይቀንሳል» ማለት አይቻልም።

ሕጉን ያለ ቦታው መጠቀምም ሌላ ችግር ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በትዕግሥት አካፍሎ መጨረስ ከሕጉ ይቀላል። በሀና ማርያም ቤት ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ ሴት ለስሌት እንዲመች የሚከተለው የወር ወጪ አለባት እንበል፦ ለቤት ኪራይና ለመሰል ቋሚ ነገሮች 9 ሺህ ብር፣ ለእያንዳንዱ እንጀራ 14 ብር፣ ምርቱ ሲበዛ ደግሞ ለተጨማሪ ሠራተኛና ለመጓጓዣ ቀስ በቀስ የሚጨምር ወጪ፣ እርሱም 0.001 በእንጀራው ብዛት ካሬ ተባዝቶ። የአንዱ እንጀራ አማካይ ወጪ ይህ ሁሉ ለብዛቱ ለሀ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ሲካፈልም 9000 ÷ ሀ፣ ሲደመር 14፣ ሲደመር 0.001ሀ ይሆናል። የዚህ ዴሪቬቲቭ −9000 ÷ ሀ² ሲደመር 0.001 ነው፤ ዜሮ የሚሆነውም ሀ 3 ሺህ ሲሆን ነው። በወር 3 ሺህ እንጀራ ስትጋግር የአንዱ አማካይ ወጪ 3 ሲደመር 14 ሲደመር 3፣ ማለትም 20 ብር ይሆናል፤ ከዚህ ያነሰም የበዛም ብትጋግር አማካዩ ይጨምራል።

ይህ ስሌት የድርሻ ሕግን ባይጠይቅም ውጤቱ ግን ሕጉ በመጀመሪያው መልኩ የሚናገረውን ያረጋግጣል። ታሕቱ የእንጀራው ብዛት ራሱ ስለሆነ ዴሪቬቲቩ 1 ነው፤ እናም ድ′ ዜሮ የሚሆነው ላ′ ከድ ጋር ሲተካከል ነው፣ ማለትም የመጨረሻዋ እንጀራ የምታስወጣው ተጨማሪ ወጪ ከአማካዩ ወጪ ጋር እኩል ሲሆን ነው። የተጨማሪዋ ወጪ 14 ሲደመር 0.002ሀ ነው፤ በ3 ሺህ ላይ እርሱም 20 ብር ይወጣል። ማንኛውም አማካይ እንዲህ ነው፤ አዲሱ ከአማካዩ ካነሰ አማካዩን ወደ ታች ይስባል፣ ከበለጠ ያነሣዋል፣ ለአፍታ ቆሞ የሚታየው ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ ነው።

ሕጉ በሙሉ ጉልበቱ የሚታየው ግን በመንገድ ላይ ነው። በጠዋት ከሀና ማርያም ተነሥተው በለቡ ወይም በላፍቶ በኩል ወደ መሃል ከተማ ለሚሄዱት ሰዎች መንገዱ ለስሌት 10 ኪሎ ሜትር ይሁን። የጉዞው ጊዜ 10 ለፍጥነቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ላዕሉ ቋሚ ስለሆነ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው፣ የሕጉም አንዱ ክንድ ይጠፋና የጊዜው ዴሪቬቲቭ −10 ÷ የፍጥነቱ ካሬ ብቻ ይቀራል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ላለ ታክሲ በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር መጨመር 6 ደቂቃ ያህል ያተርፋል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ግን ያው ጭማሪ 22 ሰከንድ ገደማ ነው። ከ10 ወደ 20 ከፍ ማለት ግማሽ ሰዓት ሲያስገኝ ከ40 ወደ 50 መሮጥ ሦስት ደቂቃ ብቻ ያስገኛል፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን የሚቸኩል ሹፌር በተጨናነቀበት ሰዓት ያጣውን ጊዜ በፍጥነት መልሶ አያገኘውም።

ከባዱ ጥያቄ ግን የአንዱ መኪና ሳይሆን የመንገዱ ነው፦ በአንድ መስመር ላይ በሰዓት ብዙ መኪና የሚያልፈው መኪኖቹ በምን ፍጥነት ሲሄዱ ነው? መልሱ «በቻሉት መጠን ፈጥነው ሲሄዱ» ይመስላል። ነገር ግን ፍጥነት ሲጨምር በመኪኖቹ መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀትም ይጨምራል። እያንዳንዱ መኪና የሚይዘው ቦታ ሦስት ክፍል አለው፦ የራሱ ርዝመትና ከፊቱ የሚተወው ትንሽ ክፍተት (ር)፣ ሹፌሩ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚሄደው ርቀት፣ ይኸውም ምላሽ የሚወስድበት ጊዜ (ም) በፍጥነቱ (ፍ) ተባዝቶ፣ ከዚያም ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት፣ ይህም ከፍጥነቱ ካሬ ጋር የሚያድግ (ብ·ፍ²) ነው። በአንድ ነጥብ የሚያልፈው የመኪና ብዛት በሰከንድ የሚከተለው ነው፦

መ = ፍ ÷ (ር + ም·ፍ + ብ·ፍ²)

ይህ ራሽናል ፋንክሽን ነው። የላዕሉ ዴሪቬቲቭ 1፣ የታሕቱ ም + 2ብ·ፍ ነው። የዴሪቬቲቩ ላዕል እንግዲህ (ር + ም·ፍ + ብ·ፍ²) − ፍ·(ም + 2ብ·ፍ) ይሆናል፤ ም·ፍ ከም·ፍ ጋር ይጣፋል፣ የሚቀረውም ር − ብ·ፍ² ነው። ታሕቱ ካሬ ስለሆነ ችላ ይባላል። ብ·ፍ² ከር እስካነሰ ድረስ ፍጥነት መጨመር ብዙ መኪና ያሳልፋል፤ ከር ከበለጠ በኋላ ግን እያንዳንዱ ተጨማሪ ፍጥነት መንገዱ የሚያሳልፈውን ያሳንሳል። የተሻለው ፍጥነት ብ·ፍ² ከር ጋር እኩል የሚሆንበት ነው።

ቁጥር ይግባበት። ርዝመቱ ከክፍተቱ ጋር 5 ሜትር፣ ምላሹ 1 ሰከንድ፣ ፍሬኑም ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ የሚያሳንስ ቢሆን ብ 0.1 ይሆናል። ያን ጊዜ ፍ² ሃምሳ ነው፤ ፍ 7.07 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚህ ፍጥነት በሰዓት 1,490 ያህል መኪና ያልፋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ቁጥሩ ወደ 1,300፣ በ72 ኪሎ ሜትር ወደ 1,100 ይወርዳል፤ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር በሚጎተተው የጠዋት መጨናነቅ ደግሞ 960 ገደማ ነው። ሞዴሉ ከልክ በላይ ጠንቃቃ መሆኑ መነገር አለበት፤ ፊት ያለው መኪና ግድግዳ እንደ መታ ባንዴ ሊቆም ይችላል ብሎ ያስባል፣ በእውነተኛ መንገድ ላይ ግን ሹፌሮች ይበልጥ ተጠጋግተው ይሄዳሉ፣ ከፍ ያለ ቁጥርም ያልፋል። መጀመሪያ የሚወጣ፣ ከዚያ ጫፍ ነክቶ የሚወርድ መሆኑ ግን በዚህ ግምት ላይ የሚቆም አይደለም።

ርዝመት ሲለወጥ የተሻለው ፍጥነትም ይለወጣል። 13 ሜትር የሚይዝ አውቶቡስ በዚሁ ቀመር በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር ላይ በሰዓት 1,100 ያህል ያልፋል፤ በየአውቶቡሱ 60 ሰው ቢኖር 66 ሺህ ሰው ነው፣ ምንም እንኳ ይህ ፌርማታንና መቆምን ያልቆጠረ የወረቀት ጣሪያ ቢሆንም። 6 ሜትር የሚይዝ፣ 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ታክሲ ወደ 17 ሺህ ሰው ያሳልፋል። ሁለት ሁለት ሰው በያዙ የቤት መኪኖች የተሞላው ያው መስመር 3 ሺህ ሰው እንኳ አይሞላም።

በስሌቱ ውስጥ ሳይስተዋል ሊታለፍ የሚችለው ግን የም መጣፋት ነው። የሹፌሩ ምላሽ ጊዜ የተሻለውን ፍጥነት በሚወስነው ቀመር ውስጥ ጨርሶ አይገኝም፤ ከመንገዱ የሚወስደው ግን ብዙ ነው። ሹፌሮቹ ዓይናቸውን ስልክ ላይ ጥለው ምላሻቸው ከ1 ሰከንድ ወደ 2 ሰከንድ ቢዘገይ የተሻለው ፍጥነት ያው 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሆኖ ይቀጥላል፤ በዚያ ፍጥነት የሚያልፈው መኪና ግን ከ1,490 ወደ 1,050 ይወርዳል፣ በየሰዓቱም 440 ያህል መኪና ከሀና ማርያም በኩል ሳያልፍ ይቀራል።